ከተመደበላት ምት በላይ

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ላወጋህ የተነሳሁት ስለ አንዲት ላፕቶፕ አሟሟት ነው። በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሞተች። የሞተችው በእኔ እጅ ነው፤ ባለቤቷ ግን እኔ አልነበርኩም። ባለቤቷ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነበር። ዕቁብ ገና በጊዜ ወጥቶለት ከዱባይ የመጣች ያገለገለች ላፕቶፕ ገዛ። የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረባት፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበባት ይተዳደር ነበር። እኔ ደግሞ እሱ ሲተኛ ጌም እጫወትባት ነበር።

የምጫወተው በዚያ ዘመን የከተማውን ወጣት ሁሉ ያሰከረውን የመኪና ውድድር፣ «ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ»ን ነው። ፖሊስ ሲያሳድደኝ፣ ልክ መታጠፊያው ላይ ስደርስ፣ ምስሉ ይንቀራፈፋል። በሰከንድ ሃያ አንድ ሥዕል ብቻ ነበር የምታሳየኝ። ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ይዤ የመጣኋት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ግን የግራፊክስ ካርዷን ፍጥነት በአንዲት ተንሸራታች ምልክት ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳየችኝ። ከ400 ሜጋኸርዝ ተነስቼ በ10 በ10 እየጨመርኩ 490 ደረስኩ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብዬ ነበር። እውነትም ሄደ፤ ሃያ አንዱ ሃያ አምስት ሆነ። ሙቀቱ ከ84 ዲግሪ ወደ 97 መውጣቱን አይቻለሁ። አይቼም አልፌዋለሁ።

የሆነውን ለመናገር ይህን ያህል ይበቃ ነበር። ነገር ግን «እኔ ነኝ የገደልኳት ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አልለቀቀኝም። ጥያቄው ወደ ኋላ እየሳበ አንድ ያልጠበቅሁት ታሪክ ውስጥ ከተተኝ። ማሽንን ከተመደበላት ፍጥነት በላይ የማስሮጥ ታሪክ፣ በእኛ ዘመን ወጣቶች አፍ «ኦቨርክሎኪንግ» የሚባለው፣ ከእኔና ከዚያች ክፍል በሩብ ምዕተ ዓመት ይቀድማል።

በመጀመሪያ ስለ ምቱ። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቺፕ በራሱ ጊዜ አይሠራም፤ እንደ ዘማሪ ከበሮ ይጠብቃል። ከበሮውን የሚመታለት በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። አንድ ምት ሲመታ ቺፑ አንድ እርምጃ ይራመዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አራት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሰባ ሺህ ጊዜ ያህል ይራመድ ነበር። ለምን ይህ የተሰባበረ ቁጥር ተመረጠ ቢሉ፣ መሐንዲሶቹ 14.318 ሜጋኸርዝ የሚመታ አንድ ክሪስታል ስለተጠቀሙ ነው። ለአራት ሲካፈል የአሜሪካንን ቴሌቪዥን የቀለም ምልክት ይሰጣል፤ ለሦስት ሲካፈል ደግሞ የማሽኑን ምት። የፍጥነቱ ልክ ከቺፑ ባሕርይ ሳይሆን ከቁጠባ የተወለደ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ የፍጥነት ልክ የሚባለውን ነገር ከተፈጥሮ እንደተቀዳ ሕግ አድርጌ እቆጥረው ነበርና።

በነሐሴ 1984 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ኤቲ የተባለውን ማሽን አወጣ። በውስጡ ያለው የኢንቴል 80286 ቺፕ በ6 ሜጋኸርዝ እንዲሮጥ ተመደበለት፤ ምቱም የሚመነጨው ከ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነበር። ክሪስታሉ ታዲያ በብየዳ አልተጣበቀም፤ መሰኪያ ውስጥ ነው የተሰካው። ጥቂት ዶላር ከፍሎ 16 ሜጋኸርዝ የሚመታ ክሪስታል የገዛ ሰው የቀድሞውን ነቅሎ አዲሱን ሲሰካ፣ በሺዎች ዶላር የተገዛው ማሽን በ8 ሜጋኸርዝ መሮጥ ጀመረ። አብዛኞቹም ያለ ችግር ሮጡ። አይቢኤም ይህን ሲያይ ምን አደረገ? በኋለኞቹ ማሽኖች ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ የፍጥነት ፍተሻ አኖረ፤ ማሽኑ ሲከፈት ምቱን ይለካና ከልኩ ካለፈ አልነሳም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ራሱ ባለ 8 ሜጋኸርዙን ኤቲ ለገበያ አቀረበ። ደንበኛው በጥቂት ዶላር ያገኘውን ነገር ነጋዴው ዘግቶ መልሶ ሲሸጥለት፣ ለእኔ ይህ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ምዕራፎችም ከዚሁ እምብዛም አልራቁም።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲያ ከሆነ ለምን ከመጀመሪያው በ8 አልሸጡትም?» ሊል ይችላል። መልሱ የቺፕ አሠራር ላይ ነው። ከአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ ብዙ ቺፖች ይቆረጣሉ፤ ነገር ግን ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ ሁሉ ዓይኑ እኩል እንዳይደለ፣ እነርሱም እኩል አይደሉም። አንዱ በፍጥነት ቢነዳ ይችላል፣ ሌላው ይሳሳታል። ፋብሪካው ይፈትናቸውና እንደ አቅማቸው በየመደቡ ያስቀምጣቸዋል። ምደባው ግን ለክፉ ቀን የታሰበ ነው። በሞቃት አገር፣ አቧራ በጠጣ ማራገቢያ፣ በሚዋዥቅ ኤሌክትሪክ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ሳይሳሳት እንዲሠራ ታስቦ ከአቅሙ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጻፍበታል። በዚያ ላይ የገበያው ፍላጎት አለ፤ ርካሹን የሚፈልገው ሲበዛ ፈጣኑም ቺፕ የዝግተኛው ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። በአቅሙና በተጻፈበት ቁጥር መካከል የምትቀረው ያች ትርፍ ናት እንግዲህ ወጣቱ ሁሉ እጁን የሰደደባት። ይህች ትርፍ ለማን ናት የሚለውን ያኔ አልጠየቅሁም። ለክረምት የተቀመጠ እህል መሆኗን የተረዳሁት ከበላኋት በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ወደ ሕዝብ ያወረደው ግን ሴሌሮን 300ኤ የተባለ የኢንቴል ቺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ለድሃ ገዢ ተብሎ ወጣ። አባዢው በ4.5 ላይ ተቆልፏል፤ በ66 ሜጋኸርዝ ምት ሲባዛ 300 ይሆናል። ነገር ግን የመሠረቱ ምት በእናት ቦርዱ ላይ ከ66 ወደ 100 ቢቀየር 450 ሜጋኸርዝ ይገኛል። ይህም በዚያው ወር የወጣው ትልቁ ፔንቲየም 2 የሚሮጥበት ፍጥነት ነበር፤ ዋጋው ግን ከሴሌሮኑ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እናት ቦርዳቸው ይህን የማይፈቅድላቸው ሰዎች ከቺፑ ካርድ እግሮች አንዷን፣ ቢ21 የተባለችውን፣ በፕላስተር ወይም በጥፍር ቀለም እየሸፈኑ ማሽኑን ያታልሉት ነበር። በጥፍር ቀለም! እህቶቻቸው ምን እንዳሏቸው ታሪክ አልጻፈም።

ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረ አንድ ሌላ ነገር ግን እንዲያ አያስቅም። በ1990ዎቹ ውስጥ አንዳንድ ነጋዴዎች የዝግተኛውን ቺፕ ጽሑፍ ፍቀው የፈጣኑን ስም እያተሙበት ይሸጡ ነበር። ገዢው ከልኩ በላይ የሚሮጥ ማሽን መግዛቱን አያውቅም፤ ሲበላሽበት ምክንያቱን አያውቅም፤ የከፈለው ለፈጣኑ ነው። ኢንቴል አባዢውን ሲቆልፍ ያቀረበው አንዱ ምክንያት ይህ ማጭበርበር ነበር። የራሱ ጥቅምም እንደነበረበት አያጠያይቅም፤ ሆኖም ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። ይህን ክፍል ሳነብ ለብዙ ጊዜ ቆም አልኩ። በራሱ ማሽን ላይ የሚጫወት ሰውና በማያውቅ ሰው ማሽን ላይ የሚጫወት ሰው አንድ አይደሉም። እኔ ከሁለቱ የትኛው ነበርኩ? ጓደኛዬ ስለ ተንሸራታቿ ምልክት ምንም አያውቅም ነበር።

ወደ ግራፊክስ ካርድ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የ3ዲኤፍኤክስ ቩዱ ካርድ በ50 ሜጋኸርዝ ይሮጥ ነበር። በ1999 ኤንቪዲያ ያወጣው ጂፎርስ 256 ወደ 120 ደረሰ፤ «ጂፒዩ» የሚለውን ስም በገበያ ያስለመደውም እርሱ ነው። ከዋናው ቺፕ ይልቅ የግራፊክስ ካርድን ምት መቀየር ቀላል ነበር። ክሪስታል መንቀል የለ፣ እግር መሸፈን የለ፤ ሁሉ በፕሮግራም ነው። በኤንቪዲያ ድራይቨር ውስጥ «ኩልቢትስ» የተባለች ድብቅ ቁልፍ ነበረች። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ አንዲት ቁጥር ስትጽፍ እስከዚያች ደቂቃ ያልነበረ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ገጽ ብቅ ይላል። አምራቹ በሩን በይፋ አልከፈተውም፤ ቁልፉን ግን ከምንጣፉ ሥር ትቶታል። በዚሁ ዘመን አሌክሲ ኒኮላይቹክ የተባለ ሩሲያዊ «ሪቫቲዩነር»ን ጻፈ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት «አፍተርበርነር»ም የዚሁ ሰው እጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይኸው ሰው በጦርነቱና በማዕቀቡ ምክንያት ከድርጅቱ ይከፈለው የነበረው ገንዘብ እንደተቋረጠበት በአደባባይ ጻፈ። ስንትና ስንት ሚሊዮን ወጣት ማሽኑን ያስሮጠበት መሣሪያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉን ያኔ ነው ብዙዎች ያወቁት።

ትልቁ ኮምፒውተር ላይ እስከ ቀረ ድረስ ጨዋታው ጨዋታ ነበር። ሳጥኑ ሰፊ ነው፣ ማራገቢያው ትልቅ ነው፣ ካርዱ ቢቃጠል ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ጂፎርስ 2 ጎ ለላፕቶፕ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ላፕቶፕ ውስጥ ካርድ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ካርድ አይደለም፤ በእናት ቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው። እርሱ ሲሞት ቦርዱ አብሮ ይሞታል። ሙቀቱን የሚያወጣለትም ከዋናው ቺፕ ጋር የሚጋራት ቀጭን የመዳብ ቱቦና የአንድ ጣት ያህል ውፍረት ያላት ማራገቢያ ናት። ሁለት ሰው በአንድ ብርድ ልብስ እንደሚተኛ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይራቆታል።

ስለ ሙቀት ትንሽ ሒሳብ ልጨምር፤ ያለ እርሷ ነገሩ አይገባምና። ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከምቱ ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚጨምረው። ምቱን ብቻ በመቶ 10 ብታሳድግ የሥራው ኃይል በመቶ 10 ያድጋል። ምቱ እንዲረጋ ብለህ ቮልቴጁንም በመቶ 10 ከጨመርክ ግን 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ጭማሪው በመቶ 33 ይሆናል። ለአንድ አሥረኛ ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ሙቀት! በተቃራኒው ምቱን ሳትነካ ቮልቴጁን በመቶ 10 ብትቀንስ በመቶ 19 ኃይል ታተርፋለህ። ዛሬ አዋቂዎቹ የላፕቶፕ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጉታል፤ ቺፑ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ቺፕም በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን አይቀንስምና በመጨረሻ የሚሮጠው እርሱ ነው። ይህን ያኔ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማም ነበር።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮቻችንን ያበረታው ይኸው አየር ለማራገቢያ ግን አይመችም። ማራገቢያዋ በደቂቃ ያንኑ ያህል ብትዞርም የምትገፋው አየር ክብደቱ ቀላል ነው፤ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ የሚሠሩበትን የመጨረሻ ከፍታ 3,048 ሜትር ብሎ ይጽፋል፤ ይህም 10,000 ጫማ ነው። እኛ ከዚያ በታች ነን፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለክፉ ቀን ካስቀመጣት ትርፍ ላይ ከፍታው ቀድሞ የራሱን ድርሻ በልቶ ነበር። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑ አጽናንቶኝ ነበር፤ ስለ አየሩ መሳሳት ግን ለአንድ ደቂቃም አላሰብኩም።

አሟሟቷ ፈጣን አልነበረም። በመጀመሪያ በማያ ገጹ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ቺፑ ወይም ማኅደረ ትውስታው ምቱን መከተል አቅቶት ሲሳሳት የሚወጡ ስህተቶች ናቸው። ማሽኗ «በቃኝ» የምትልበት ቋንቋዋ ነበር። ምልክቷን ጥቂት ወደ ኋላ መለስኩ፤ ነጠብጣቦቹ ጠፉ፤ ቀጠልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር በሙሽሪት ፊት ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወረዱ። በማግሥቱ ስትከፈት መብራቷ በራ፣ ማራገቢያዋ ዞረ፣ ማያ ገጿ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። በዚያ ክረምት መብራት በፈረቃ ነበር፤ ሲመጣም ሲሄድም ይዋዥቃል። «መብራቱ ነው» አልኩት። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ላስብበት እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም። አመነኝ። ለምን አያምነኝ?

ጠጋኙ ቦርዱን አውጥቶ በሙቅ አየር አጋያት፤ ተነሳች። አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልተነሳችም። ሃርድ ዲስኳ ደኅና ስለነበር ሥራው አልጠፋም፤ የሙሽሪትም ቪዲዮ በሰው ኮምፒውተር ተጠናቆ ተሰጠ። የዕቁቡ መዋጮ ግን ገና ነበር። ዕቁብ ቶሎ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው መጣል አለበትና፣ ጓደኛዬ በየእሁዱ ለሞተች ላፕቶፕ ሲከፍል ከረመ። እኔ ሦስት እሁድ «ደመወዝ ስትቀበል ትመልስልኛለህ» እያልኩ ጣልኩለት። መለሰልኝም። ተቀበልኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ ስቆፍር አንድ ቀን ልቤን ቀለል ያደረገ ነገር አገኘሁ። ሰኔ 25 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ ኤንቪዲያ ለባለአክሲዮኖቹ አንድ መግለጫ አወጣ። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ከሠራቸው የላፕቶፕ ቺፖች ውስጥ አንዳንዶቹ ቺፑንና መሠረቱን በሚያያይዘው ቁስ ደካማነት ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆኑን ገለጸ፤ ለጥገናና ለምትክም ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመዘግብ አስታወቀ። ምክንያቱ ሲተነተን እንዲህ ነው። ቺፑ ከመሠረቱ ጋር የሚያያዘው ከአሸዋ ቅንጣት በማይበልጡ የብየዳ ጉብታዎች ነው። ሲሞቅ ሁሉም ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የሲሊከኑና የመሠረቱ መለጠጥ ግን እኩል አይደለም። መሞቅና መቀዝቀዙ ሲደጋገም፣ ሽቦን ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚሰበር፣ ጉብታዎቹ ይሰነጠቃሉ። በዓለም ዙሪያ ሰዎች ቦርዳቸውን የዳቦ ምድጃ ውስጥ ከትተው ጋግረው ያስነሱ የነበረው በዚያ ዘመን ነው። የተሰነጠቀው በሙቀት ለጊዜው ይገጥማል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን መልሶ ይለያያል። የእኛ ጠጋኝ ሙቅ አየርም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የጓደኛዬ ላፕቶፕ ከእነዚያ አንዷ ትሁን አትሁን እዚህ አልጽፍም፤ የአምራቿንም ስም አልጠራም። እርሷ ላይ የሆነውን እጄ ያውቀዋል። ግኝቱን ባነበብኩ ቀን ግን ደስ አለኝ። «እንግዲያውስ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ደስታው አንድ ሌሊት አልፈጀም። ጉብታን የሚሰነጥቀው የሙቀት መውጣትና መውረድ ከሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ወደ 97 ዲግሪ የሚያወጣት፣ ሊነጋ ሲል የሚያጠፋት ማን ነበር? ደካማው ብየዳ ለሁሉም የተሰጠ ዕጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ያቀረበው ግን የእኔ ጣት ነው።

የሙቀት ነገር በእኔ ዓይነቱ ብቻ የመጣ መከራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ አንድ ትልቅ ነገር አስረድተው ነበር፤ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም በዚያው ልክ ካነሰ፣ ብዙ ትራንዚስተር በጠባብ ቦታ ቢታጨቅም ሙቀቱ አይበዛም። ሠላሳ ዓመት ያህል ዓለም በዚህ ሕግ ኖረ። ፍጥነት በየዓመቱ በነጻ ይመጣ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ትራንዚስተሮቹ እጅግ አንሰው በተዘጉበት ጊዜ እንኳ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ስለጀመሩ ቮልቴጁን ከዚያ በላይ መቀነስ አልተቻለም። ሕጉ ቆመ። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ የሚሮጠውን ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. መሰረዙን አስታወቀ። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ክሬግ ባሬት በዚያው ወር በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ በተሰብሳቢው ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ቀልድ ያለበት መንበርከክ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስቋል። እኔ ግን ያን ሳነብ ቅናት ያዘኝ። አንድ ባለጸጋ ሰው ስላልመጣች 4 ጊጋኸርዝ በአደባባይ ይንበረከካል፤ እኔ ስለ 90 ሜጋኸርዝ አንድ ቃል ማውጣት አቅቶኛል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ጂቲኤክስ 680 ሲወጣ ኤንቪዲያ ፍጥነትን እንደ ሙቀቱና እንደ ኃይሉ ራሷ ከፍ የምታደርግ ካርድ አመጣ። ወጣቱ በድብቅ ይወስዳት የነበረችውን ትርፍ ፋብሪካው ራሱ እየመተረ መስጠት ጀመረ። ስለዚህም ዛሬ በእጅ የሚገኘው ጭማሪ ከዱሮው በጣም ያነሰ ነው። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ደግሞ በወጡት ድራይቨሮች የላፕቶፕ ካርዶችን ፍጥነት መጨመር ተከለከለ። ድርጅቱ በየካቲት 2015 ላፕቶፖች ለዚህ እንዳልተሠሩ፣ ቀድሞ መቻሉም ስህተት እንደነበር ገለጸ። ተጠቃሚው ጮኸ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድርጅቱ ቃሉን አጥፎ በሚቀጥለው ድራይቨር እንደሚመልሰው ተናገረ። በዚያ ክርክር የቱ ወገን ልክ ነበር? «በገንዘቤ የገዛሁት ማሽን የእኔ ነው» የሚለው ክርክር ለእኔ ዛሬም ጠንካራ ነው። ድርጅቱ ስለ ሙቀት ያለውም እውነት ነበር። ሁለቱም ግን ስለ ሦስተኛው ሰው፣ ማሽኑ የእሱ ስለሆነና ሌሊት ስለሚተኛው ሰው፣ አልተነጋገሩም።

በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የመጡት የአርቲኤክስ 30 ላፕቶፖች ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት አመጡ። አርቲኤክስ 3060 የሚል አንድ ስም የተለጠፈበት የላፕቶፕ ካርድ በአንዱ ማሽን 60 ዋት፣ በሌላው 115 ዋት ሊፈቀድለት ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ያለው ነገር ገዝተው አንዱ የሌላውን እጥፍ ያህል ኃይል ይዞ ይሄዳል። ከዱባይም ይሁን ከአሜሪካ ላፕቶፕ የምታስመጣ አንባቢ ካለህ፣ የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን ዋቱን ጠይቅ። የታሪክ ጽሑፍ ምክር መስጠት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ይህች ግን ታልፈኝ።

ባለፈው ዓመት ለጓደኛዬ ደወልኩለት። አሁን ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ የራሱ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለው። የልጆችና የጤና ወሬያችንን ከጨረስን በኋላ ስለ ተንሸራታቿ ምልክት፣ ስለ 490ው፣ ስለ 97 ዲግሪው ነገርኩት። «መብራቱ አልነበረም» አልኩት። ዝም አለ። የሱቁ ማራገቢያ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«ዕቁቡ ስንት እሁድ ቀርቶብኝ እንደነበር ታስታውሳለህ?» አለኝ።

«ሃያ ስምንት» አልኩት።

«ሠላሳ አንድ» አለኝ።